የሐረርጌ የሣር ሜዳዎች

የሐረርጌ የሣር ሜዳዎች በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ከሐረር ከተማ በስተምሥራቅና በስተምዕራብ የሚገኙ የተፈጥሮ ግጦሽ መሬቶች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከሐረር በስተምሥራቅ ያለው የጅጅጋ ሜዳና ከእሱ የሚቀጥለው ሰፊው የሃውድ አምባ ነው። ሁለተኛው በስተምዕራብ፣ ከአሰቦት ተራራ ግርጌ እስከ አዋሽ ሸለቆ የሚዘረጋው የሃላይደጌ ሜዳ ነው። ሁለቱም የግመል፣ የከብት፣ የበግና የፍየል መሰማሪያ ናቸው። በዚያው መሬት ላይ በዓለም እጅግ ብርቅ ከሆኑ የዱር እንስሳት ጥቂቶቹ ይኖራሉ፤ ከእነሱም መካከል የግሬቪ የሜዳ አህያና ሊበን ላርክ የምትባለው ወፍ ይገኛሉ።

ስለ እነዚህ ሜዳዎች በሚደረጉ ጥናቶች ውስጥ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ ከብትና የዱር እንስሳ በአንድ ሣር ላይ አብረው መኖር ይችላሉ ወይ? እስካሁን የተገኘው መልስ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል ብቻ አይደለም። ሣሩ በዓመት ውስጥ ዕረፍት ካገኘና መንጋው መንቀሳቀስ ከቻለ ሁለቱም ይኖራሉ፤ ሣሩ ከጠፋ ግን ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ።

አቀማመጥና አየር ጠባይ

የሐረር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በሐረርጌ ደጋ ጫፍ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተምሥራቅ መንገዱ ወደ ባቢሌ ይወርዳል፤ የዳካታን ድንጋያማ ሸለቆ አልፎም ወደ ጅጅጋ ይወጣል። ጅጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ ሜዳው በቶጎ ውጫሌ በኩል የሶማሌላንድን ድንበር ይሻገራል።

የሃላይደጌ ሜዳ ከዚህ በጣም ዝቅ ብሎ፣ 800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባለው ሞቃት ቆላ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሜዳውን በስተምዕራብ እየታከከ ያልፋል። በስተደቡብ ምሥራቅ የአሰቦት ተራራ ይታያል። ተራራው በጽድና በወይራ ደን የተሸፈነ ሲሆን በላዩ ታዋቂው የአሰቦት ገዳም አለ።

ከሐረር በስተደቡብ ያለው የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ከሁለቱ ሜዳዎች የተለየ ነው። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ሲሆን 6,982 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። አብዛኛው ክፍሉ ግራርና ሌሎች የቆላ ዛፎች የበቀሉበት ቁጥቋጧማ መሬት ስለሆነ የሣር ሜዳ አይባልም። ይሁንና ዝሆኖቹ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች መካከል እንደ ወቅቱ የሚመላለሱ በመሆናቸው፣ እነሱም እንደ ሜዳው እንስሳት ከአርብቶ አደሩና ከገበሬው ጋር መሬት ይጋራሉ።

በጅጅጋ አካባቢ አርብቶ አደሩ ዓመቱን የሚከፍለው በዝናብ ነው። ጉ የሚባለው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ይጥላል፤ ካረን የሚባለው ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይዘንባል። ጅላል የሚባለው ረጅሙ የበጋ ወራት ሣሩ የሚደርቅበት፣ መንጋውም ውኃ ፍለጋ ሩቅ የሚጓዝበት ጊዜ ነው።

የከብት እርባታ

በሜዳዎቹ ላይ የሚካሄደው እርባታ በአጥር በተከለለ የግል መሬት የሚካሄድ አይደለም። ሣሩ የጋራ ነው። በጅጅጋና በሃውድ የሶማሌ፣ በሃላይደጌ የአፋርና የኢሳ ሶማሌ፣ በአሰቦትና በሚኤሶ አካባቢ ደግሞ የኢቱ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች መንጋቸውን ያሰማራሉ። የአንድ ቤተሰብ ሀብት ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓይነት በላይ እንስሳ ነው። ላምና በግ ሣር ይግጣሉ፤ ግመልና ፍየል ግን በብዛት ቅጠል ይቀነጥባሉ። በዚህም የተነሳ አንዱ የሚበላውን ሌላው አይሻማም፤ ድርቅ ሲመጣም ሁሉም በአንድ ጊዜ አያልቅም።

የቆላው እርባታ ከሐረር ደጋ ገበሬ ጋር በገበያ የተያያዘ ነው። ገበሬው ከቆላ የመጣ ወይፈን ገዝቶ ለጥቂት ዓመታት ያርስበታል፤ ከዚያም ቤት አስሮ ያደልበዋል። በሐረርጌ ደጋ የእርሻ መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ለግጦሽ የሚተርፍ ቦታ እምብዛም የለም። ስለዚህ ገበሬው ማሽላና በቆሎ አጠጋግቶ ይዘራል፤ ቡቃያው ከፍ ሲል እየነቀለ ያሳሳና የነቀለውን ለሰንጋው በእጁ ያጎርሳል። በዚህ መንገድ የሚደልበው የሐረር ሰንጋ በአዲስ አበባ የበዓል ገበያ ሳይቀር ስሙ የታወቀና ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሰንጋው የሚሸጠው በደጋ ገበያ ቢሆንም፣ የብዙዎቹ ዕድገት የጀመረው በቆላው ሣር ላይ ነው።

የግጦሽ መብትና ድንበር

የሃውድ ግጦሽ ለመንጋው ምን ያህል አስፈላጊ እንደነበረ ከዲፕሎማሲ ታሪክ መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1897 የብሪታንያ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ ከዐፄ ምኒልክ መንግሥት ጋር የብሪታንያ ሶማሌላንድን ድንበር የሚመለከት ውል ተፈራረመ። የድንበሩ ዝርዝር የተወሰነው በሐረር ነው፤ ሮድና የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኮንን በሰኔ ወር ደብዳቤ ተለዋወጡ። በስምምነቱ መሠረት በድንበሩ በሁለቱም ወገን የሚኖሩ ጎሳዎች ወዲያና ወዲህ እየተሻገሩ በግጦሽ መሬቱ ለመጠቀም መብት ነበራቸው።

ይህ አንቀጽ ለአርብቶ አደሩ ሕይወት ወሳኝ ነበር። መንጋው በበጋ በሰሜን በኩል ባሉት ቋሚ የውኃ ጉድጓዶች አጠገብ ይከርማል፤ ዝናብ ሲጥል ወደ ሃውድ ይገባል። ሃውድ ቋሚ ውኃ ስለሌለው ዝናቡ ሲያበቃ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣ ነበር። ድንበሩ ይህን ጉዞ ቢዘጋው ኖሮ የአንዱ ወቅት ግጦሽ ያለ ጥቅም ይቀር፣ የሌላው ደግሞ ከመጠን በላይ ይጋጥ ነበር። የግጦሽ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ብሪታንያ ሃውድን ለኢትዮጵያ ስትመልስ በተፈረመው ስምምነትም ተጠቅሷል።

የዱር እንስሳት

ከጅጅጋ ሜዳ የጠፋው ቆርኬ

የስዋይን ቆርኬ በኢትዮጵያ ብቻ የቀረ የቆርኬ ዓይነት ነው። ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሶማሌ ምድር ከተዘዋወረው የብሪታንያ መኮንን ከሃራልድ ስዋይን ሲሆን፣ በሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። በዚያ ዘመን በሃውድ ክፍት ሜዳዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆርኬዎች በአንድ መንጋ ይታዩ ነበር።

በተመሳሳይ ዓመታት ግን ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ አፍሪካ ቀንድ ገባ። በሽታው በኢትዮጵያ «ክፉ ቀን» ተብሎ ለሚታወቀው ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. ለዘለቀው ረኀብ ዋና ምክንያት ሆነ። የአገሪቱን አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ ሰኮናቸው የተሰነጠቀውን የዱር እንስሳትም አልማረም። ቆርኬም ከተጎዱት አንዱ ነበር። ከበሽታው የተረፈውን አደን ቀነሰው፤ የሜዳው መታረስም መኖሪያ አሳጣው። ዛሬ በጅጅጋ ሜዳ ቆርኬ የለም። የቀሩት በዋናነት ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ባለው የሰንቀሌ መጠለያና በደቡብ ባለው የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛሉ።

የቆርኬው ታሪክ የሚያሳየው ከብትና የዱር እንስሳ በሣር ብቻ ሳይሆን በበሽታም የተሳሰሩ መሆናቸውን ነው። የከብቶች ክትባት ሥራ በሽታውን ሲያዳክመው የዱር እንስሳቱም አብረው ዳኑ። ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ በይፋ ታውጇል፤ በሰው ልጅ ጥረት ከምድር የጠፋ የመጀመሪያው የእንስሳት በሽታ ነው።

ሊበን ላርክ

ሊበን ላርክ በሣር መካከል የምትኖር፣ መልኳ ከደረቀ ሣር ጋር የሚመሳሰል ትንሽ ቡናማ ወፍ ናት። ስለዚህች ወፍ ያለው እውቀት የተሰበሰበው ከሁለት ቦታ ነው። መጀመሪያ ከ1918 እስከ 1922 እ.ኤ.አ. ጄፍሪ አርቸር የተባለ የብሪታንያ ሶማሌላንድ አስተዳዳሪ በውጫሌ ሜዳ ወፏን ሰበሰበ፤ በ1920 «የአርቸር ላርክ» ተብላ ተመዘገበች። ከ1922 በኋላ ግን በዚያ ሜዳ በእርግጠኝነት ሳትታይ ቀረች። በሌላ በኩል በ1968 በነጌሌ ቦረና አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ አንዲት ወፍ ተገኘች፤ እሷም በ1975 እንደ ሌላ ዝርያ ተሰየመች።

እነዚህ ሁለት ስሞች ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ቆዩ። በኋላ በጅጅጋ አካባቢ ሣር ውስጥ ተመሳሳይ ወፎች መኖራቸው ታወቀ። ተመራማሪዎች ድምፃቸውን፣ መልካቸውንና ዘረመላቸውን አመሳክረው በ2013 ውጤቱን አሳተሙ። የጅጅጋዋ፣ የውጫሌዋና የሊበኗ ወፍ አንድ ዝርያ መሆናቸው ተረጋገጠ። በሳይንሳዊ ስያሜ ደንብ ቀድሞ የወጣው ስም ስለሚጸና ዝርያዋ የአርቸርን ስም ያዘች።

በሊበን ሜዳ በ2007ና በ2008 እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት የወፎቹ ቁጥር ከ90 እስከ 256 እንደሚሆን ተገምቷል። ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ በተመሳሳይ መስመሮች ላይ በተደጋጋሚ ሲቆጠሩ የታዩት ወፎች በ40 በመቶ ቀንሰዋል። ጥናቱ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ግልጽ ነበር፤ ምንም ካልተደረገ ይህች ወፍ በአፍሪካ ዋና ምድር ስትጠፋ የተመዘገበች የመጀመሪያዋ ወፍ ልትሆን ትችላለች። ምክንያቶቹ የሜዳው መታረስ፣ የቁጥቋጦ መስፋፋትና ሣሩ ዕረፍት ሳያገኝ ዓመቱን ሙሉ መጋጡ ናቸው። ወፏ ጎጆዋን የምትሠራው በመሬት ላይ፣ በሣር ሥር ስለሆነ ሣሩ ሲያጥር መሸሸጊያ ታጣለች።

የግሬቪ የሜዳ አህያ

የግሬቪ የሜዳ አህያ ከሜዳ አህዮች ሁሉ ትልቁ ነው። ጠባብና ብዙ መስመሮች፣ ነጭ ሆድና ሰፋ ያሉ ክብ ጆሮዎች አሉት። ክብደቱ ከ350 እስከ 450 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ስሙ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ከነበረው ከጁል ግሬቪ የመጣ ነው፤ ከኢትዮጵያ ለፕሬዚዳንቱ በስጦታ የተላከውን እንስሳ ኤሚል ኡስታሌ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ እንስሳት ሊቅ በ1882 እ.ኤ.አ. አዲስ ዝርያ መሆኑን ገለጸ።

ዛሬ ይህ እንስሳ በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ ይገኛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ በጠቅላላው 15,000 ያህል ይገመት የነበረ ሲሆን አሁን ከ3,000 በታች ነው። በኢትዮጵያ በ1980 ወደ 1,900 ይገመት ነበር፤ በ1995 ወደ 577 ወረደ፤ በ2003 ደግሞ ከመቶ ብዙም ያልበለጠ ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ቆጠራዎች ከ200 በላይ ተገኝተዋል። ሃላይደጌ የዝርያው ሰሜናዊ መኖሪያ ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያና በኬንያ ካሉት ዘመዶቹም በሩቅ የተነጠለ ነው።

በሃላይደጌ ከሜዳ አህያው ጋር ሳላ፣ የሜዳ ፍየል፣ አምባራይሌ፣ ገረኑግና ሰጎን ይኖራሉ።

ከብትና የሜዳ አህያ ይሻማሉ?

ከብትና የሜዳ አህያ ሁለቱም ሣር በል ቢሆኑም ሣሩን የሚፈጩበት መንገድ የተለያየ ነው። ከብት ያመሰኳል። የበላው ሣር በጨጓራው ውስጥ በደንብ እስኪብላላ ድረስ ስለሚቆይ ለስላሳና ቅጠላማ ሣር ይስማማዋል። የሜዳ አህያ ግን አያመሰኳም፤ ምግቡ የሚብላላው በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ሲሆን ቶሎ ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ አገዳማና ደረቅ ሣር በብዛት እየበላ መኖር ይችላል።

ይህ ልዩነት በከብቱ ላይ ምን እንደሚያስከትል በጥንቃቄ የተፈተነው በኬንያ ላይኪፒያ በሚገኘው በምፓላ የምርምር ማዕከል ነው። በዚያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሣር ሜዳው እያንዳንዳቸው 4 ሄክታር በሆኑ ክፍሎች ታጥሯል። አንዳንዱ ክፍል ከብት ብቻ፣ አንዳንዱ የዱር እንስሳ ብቻ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ያስገባል፤ ምንም የማያስገባም አለ። በ2011 በታተመው ውጤት መሠረት በደረቅ ወቅት ከዱር እንስሳት ጋር የጋጡ ከብቶች ብቻቸውን ከጋጡት ያነሰ ክብደት ጨመሩ። በዝናብ ወቅት ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ከዱር እንስሳት ጋር የጋጡት የበለጠ ክብደት ጨመሩ። ምክንያቱ የሜዳ አህያዎቹ የደረቀውን አገዳ ስለሚበሉት ለከብቱ ለምለሙ ቅጠል መገለጡ ነው። ተመሳሳይ ሙከራ በቤት አህያ ሲደረግም የአህያ ከከብት ጋር መጋጥ ለከብቱ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል።

በሌላ አባባል ሽሚያው ያለው በበጋ ነው። ለደረቁ ወራት የተቀመጠ ሣር ካለ የሜዳ አህያው በከብቱ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ይቀንሳል፤ የክረምቱ ጥቅም ግን ይቀራል። አርብቶ አደሩ አንዱን ግጦሽ ለአንዱ ወቅት፣ ሌላውን ለሌላው ከፋፍሎ የሚጠቀምበት ባህላዊ ሥርዓት ከዚህ ግኝት ጋር ይስማማል።

ከሣሩ ይልቅ የሚከብደው የውኃው ጉዳይ ነው። የግሬቪ የሜዳ አህያ እስከ 5 ቀን ያለ ውኃ መቆየት ይችላል፤ የምታጠባ እናት ግን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መጠጣት አለባት። ውኃው ዳር ቀኑን ሙሉ ሰውና ከብት ካለ እንስሳቱ ለመጠጣት ሌሊቱን ይጠብቃሉ። ሌሊት ደግሞ አንበሳና ጅብ የሚያደኑበት ጊዜ ነው። ውርንጭላውም ከእናቱ ጋር ረጅም መንገድ ሲመላለስ ይደክማል። ስለዚህ የውርንጭሎች ሞት የሚወሰነው በግጦሹ ስፋት ብቻ ሳይሆን ወደ ውኃው መድረስ በሚቻልበት ሰዓትም ነው።

የአጠናን ዘዴዎች

በሜዳ ላይ የዱር እንስሳን መቁጠር ቀላል አይመስልም፤ እንስሳቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱም ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። የተለመዱት ዘዴዎች በተመረጡ መስመሮች በእግር ወይም በመኪና እየሄዱ መቁጠርና ከአውሮፕላን መቁጠር ናቸው።

የሜዳ አህያ መስመሮች እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያዩ ሌላ መንገድ ይከፍታሉ። የኮምፒውተር ፕሮግራም የአንድን እንስሳ ጎን ፎቶግራፍ ከቀደሙት ጋር አነጻጽሮ ማን እንደሆነ ይለያል። በኬንያ በ2016 እ.ኤ.አ. በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች በሁለት ቀን ውስጥ 40,000 ያህል ፎቶግራፎች አነሡ፤ ከእነሱም የአገሪቱ የግሬቪ የሜዳ አህያ ቁጥር 2,350 ያህል እንደሆነ ተሰላ። ስሌቱ የቆመው በቀላል ሐሳብ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከታዩት እንስሳት ውስጥ በሁለተኛው ቀን ብዙዎቹ ደግመው ከታዩ ጠቅላላ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በሁለተኛው ቀን የታዩት አብዛኞቹ አዲስ ከሆኑ ግን ያልታየ ገና ብዙ አለ ማለት ነው።

የሣሩንና የከብቱን ጉዳይ በማጥናት በአካባቢው ቀዳሚ የሆነው ከሐረር ወደ 20 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ድጋፍ በግብርና ኮሌጅነት የተቋቋመ ሲሆን በእንስሳት እርባታ፣ በግጦሽ መሬት አያያዝና በአረም ላይ ምርምር ያደርጋል።

ሐረርና ጅብ

የሣር ሜዳው እንስሳት ጉዳይ በከተማዋ ውስጥም ይቀጥላል። በሜዳና በደጋ ያደገው ከብት በሐረር ሲታረድ አጥንቱና ቅሪቱ ለጅብ ይደርሳል። ጅብ በሐረሪ ቋንቋ ወራባ ይባላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ በሚነገረው የጁገል ግንብ ላይ ከአምስቱ በሮች ሌላ «ወራባ ኑዱል» የሚባሉ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ። ጅቦቹ ሌሊት በእነዚህ ቀዳዳዎችና በሮቹ በኩል ገብተው በጠባብ መንገዶች እየተዘዋወሩ የተጣለውን ይበላሉ። በአሹራ በዓል ጊዜ ለጅቦች ቅቤ የገባበት ገንፎ የማቅረብ ባህልም አለ። ከግንቡ ውጪ ማታ ማታ በጎብኚዎች ፊት ሥጋ ማጉረስ ግን ከዚህ ባህል የተለየና ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተጀመረ ነው። አውስትራሊያዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማርከስ ቤይንስ ሮክ የሐረርን ጅቦች ሌሊት እየተከተለ አጥንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል።

በኢትዮጵያ ጅብና ከብት ያላቸውን ግንኙነት በቁጥር ያሳዩት ጥናቶች የተደረጉት በትግራይ ነው። በ2012 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በጅብ እበት ውስጥ የተገኘውን ጸጉር መረመሩ። በዐቢይ ጾም ሥጋ ስለማይታረድና የሚጣል አጥንት ስለማይኖር ጅቦቹ ወደ አህያ ዞረው ተገኙ። የአህያ ጸጉር የያዘው እበት ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ፣ በጾሙ ጊዜ 33.1 በመቶ፣ ከጾሙ በኋላ 22.2 በመቶ ነበር። በመቀሌ ዙሪያ የተደረገውና በ2021 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን የእንስሳት ቅሪት እንደሚያስወግዱ ገምቷል። ይህም በሰው ላይ 5፣ በከብት፣ በበግና በፍየል ላይ ደግሞ 140 የአባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ተላላፊ ሕመሞችን እንደሚያስቀር ተሰልቷል። ሁለቱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ጅብ ለከብት አርቢው ጠላትም ጠቃሚም መሆኑን ያሳያሉ፤ የትኛው እንደሚያመዝን የሚወስነው የሚጣል አጥንት መኖር አለመኖሩ ነው።

ስጋቶች

እርሻና አጥር። የጅጅጋ ሜዳ አፈር ለእህል የሚስማማ በመሆኑ ሰፊው ክፍል ታርሷል፤ ከፊሉም በግለሰቦች ታጥሯል። ክፍት ሆኖ የቀረው ሣር በጠበበ ቁጥር የሚሰማራበት መንጋ ይበዛበታል።

ቋሚ ውኃ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በሃውድ ቢርካ የሚባሉ በሲሚንቶ የተለሰኑ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች በብዛት ተቆፈሩ። ቢርካ ሰውንና ከብትን ከጥም ያድናል። ነገር ግን ቀድሞ ውኃ በማጣት ብቻ ያርፍ የነበረው ግጦሽ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት ሆነ። በዚህም የሣሩ የተፈጥሮ ዕረፍት ቀረ።

መጤ ተክሎች። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ወደ አፋር የገባው በ1970ዎቹና 80ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ነው። ከብት ፍሬውን ይወደዋል፤ ዘሩ ግን ሳይፈጭ ከእበቱ ጋር ይወጣና በሄደበት ይበቅላል። በ2015 የታተመ ጥናት ዛፉ በከብቶች እበት አማካይነት ወደ ሃላይደጌ ሜዳ እየገባ መሆኑንና ይህም ሣሩንና የግሬቪ የሜዳ አህያውን አደጋ ላይ እንደጣለ አመልክቷል። በደጋውና በጅጅጋ በኩል ደግሞ ፓርቲኒየም የተባለው አረም ተስፋፍቷል፤ የሐረርጌ ኦሮሞ ገበሬዎች ፈረምሲሳ ይሉታል። ከብት አይወደውም፤ ሣሩን ግን ያጠፋዋል።

ግጭት። በድርቅ ጊዜ በግጦሽና በውኃ ምክንያት በአጎራባች አርብቶ አደሮች መካከል የሚነሣ ግጭት አንዳንዱን የሜዳ ክፍል ማንም የማይሰማራበት ባዶ ቦታ ያደርገዋል፤ ሌላው ክፍል ግን ከአቅሙ በላይ ይጋጣል። ግጭት ባለበት ተመራማሪም ጠባቂም በነፃነት መሥራት አይችልም።

ጥበቃ

ሃላይደጌ ቀድሞ የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ ሲሆን ስፋቱ 1,832 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነበር። በኋላ የአሰቦት ተራራ ደን ተጨምሮበት ሃላይደጌ አሰቦት ብሔራዊ ፓርክ ተብሏል። ቆላው ሜዳና ደጋው ደን በአንድ ጥበቃ ሥር መሆናቸው እንስሳቱ እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ እንዲሉ ይጠቅማል።

በሊበን ሜዳ የተሞከረው ዘዴ ግን አርብቶ አደሩን ሳያስወጣ የሚሠራ ነው። የቦረና ኦሮሞዎች ካሎ የሚባል የቆየ ልማድ አላቸው። ካሎ ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች ተብሎ በማኅበረሰቡ ውሳኔ በዝናብ ወቅት የሚዘጋና በበጋ የሚከፈት የግጦሽ ክልል ነው። ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር በመሆን የወፎች ጥበቃ ድርጅቶች ቁጥቋጦውን መንጥረው ሜዳው ላይ ካሎ አዘጋጁ። በክልሎቹ ውስጥ ሣሩ አገገመ፤ ላርኳም በውስጣቸው በብዛት መታየት ጀመረች። ለበጋ የተቀመጠው ሣር ለከብቶቹም ዋለ።

የጅጅጋ ሜዳ እንዲህ ያለ የወፏን መኖሪያ የሚያካትት ክልል ያስፈልገዋል። ዝርያዋ የቀረችው በሊበንና በጅጅጋ አካባቢ ብቻ በመሆኑ፣ አንዱ ሜዳ ቢጠፋ የሁሉም ዕጣ በሌላው ላይ ይወድቃል።

ተጨማሪ ይመልከቱ

ሐረር
ጁገል
የባቢሌ የዝሆን መጠለያ
አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ
ሃውድ
ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ
የግሬቪ የሜዳ አህያ